ከመንኮራኩር ወደ ጉባ፦ ኤሌክትሮኒክስን ከመብረቅና ከኤሌክትሮማግኔታዊ ሁከት ስለ መጠበቅ

ክረምት ገብቶ ነጎድጓድ ማስገምገም ሲጀምር በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የሚቀድመው ሥራ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት መንቀል ነው። ይህ ልማድ ከፊዚክስ አንጻር የሚነቀፍበት ነገር ጥቂት ነው፤ የመብረቅ ጉልበት ወደ መሣሪያው የሚገባበትን ዋና መንገድ ይቆርጣልና። ችግሩ የሚጀምረው ሊነቀሉ የማይችሉ መሣሪያዎች ዘንድ ሲደረስ ነው። በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ የቆመው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ከመስመር ሊወጣ አይችልም። ከምድር የተነሣ ሮኬትም እንዲሁ ነው። እጅግ የተራራቁ የሚመስሉት እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ ጥያቄ ይጋራሉ፦ በጥቂት ቮልት የሚሠራ ሰርኪዩት በአስር ሺዎች የሚቆጠር አምፒር በሚፈስበት አካባቢ እንዴት ሳይሳሳት ሊሠራ ይችላል?

የጠፈር ምሕንድስና ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ጉባ ያንን መልስ ልትዋስ ይገባታል፣ ከመልሱም ይበልጥ መልሱ የተገኘበትን የሥራ ቅደም ተከተል ልትዋስ ይገባታል የሚል ነው። ቅደም ተከተሉም ጠላትን አስቀድሞ መለካት፣ የተለካውን መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ መከላከያውን መንደፍ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ፣ ማለትም መለካቱ፣ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉትና ማንም ከውጭ መጥቶ ሊሠራላቸው የማይገባ ነው።

ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ ለማየት ወደ ሁለት ክስተቶች መመለስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1969 አፖሎ 12ን የተሸከመው ሳተርን 5 ሮኬት ዝናብ ባዘለ ደመና ውስጥ ተነሣ። በ36.5ኛው ሰከንድና በ52ኛው ሰከንድ ሁለት ጊዜ በመብረቅ ተመታ። በዚያ ሰዓት በአካባቢው የተፈጥሮ መብረቅ አልነበረም፤ ረጅሙ ሮኬትና ከሥሩ የተዘረጋው የጋለ ነበልባል አንድ ላይ ሆነው ደመናውን ከምድር ጋር የሚያገናኝ አስተላላፊ ስለሆኑ መብረቁን የጠራው ሮኬቱ ራሱ ነው። በመጀመሪያው ምት የመንኮራኩሩ የነዳጅ ሴሎች ከመስመር ወጡ፣ ወደ ምድር የሚላከው ቴሌሜትሪም ትርጉም የለሽ ቁጥር ሆነ። ሁለተኛው ምት የመንኮራኩሩን የአቅጣጫ መጠበቂያ አናወጠ። ጉዞውን ያዳነው በሂውስተን መቆጣጠሪያ የተቀመጠው የ26 ዓመቱ መሐንዲስ ጆን አሮን ነበር። የተበላሸውን የቁጥር ዓይነት ቀደም ሲል በአንድ ሙከራ ላይ አይቶት ስለነበር የምልክት ማስተካከያው መሣሪያ ወደ ተጠባባቂ ኃይል እንዲዛወር አሳሰበ፤ አለን ቢን ማብሪያውን ገለበጠ፤ ቴሌሜትሪው ተመለሰ። የሮኬቱ የራሱ መሪ ኮምፒውተር በሌላ ክፍል ተቀምጦ ስለነበር ምንም ሳይነካው ጉዞውን ቀጥሎ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታዘብ ይቻላል፦ ዋናውን መሪ ከተጠቂው ክፍል መለየትና አደጋውን አስቀድሞ በሙከራ ማየት። ዕድል ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን ዕድል በንድፍ ሰነድ ውስጥ አይጻፍም።

ሁለተኛው ክስተት ዕድል የጎደለው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1987 የአሜሪካ ባሕር ኃይልን የመገናኛ ሳተላይት የያዘው አትላስ ሴንቶር 67 ከኬፕ ካናቬራል ተነሥቶ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው በመብረቅ ተመታ። መብረቁ የሮኬቱን አካል አላቃጠለም፤ ታንክም አልቀደደም። ያደረገው በመሪው ኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ በአንዲት ስፍራ የተጻፈውን ቁጥር መለወጥ ብቻ ነበር። የተለወጠው ቁጥር ሮኬቱን በድንገት ወደ ጎን እንዲታጠፍ አዘዘው፤ ሮኬቱም የአየሩን ግፊት መቋቋም አቅቶት ተሰባበረ። አንድ ሙሉ ተልእኮ በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ጠፋ።

መብረቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የተሰነጠቀ ዛፍ፣ የተቃጠለ ጎጆ ወይም በመስክ የወደቀ ከብት ነው። ኤሌክትሮኒክስን በተመለከተ ግን ከባዱ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ምንም አይጨስበትም። መሣሪያው በሕይወት አለ፣ መብራቱም ይበራል፤ የሚናገረው ግን ውሸት ነው።

ይህን ወደ ጉባ ማምጣት ያስፈልጋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ያመነጨውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ 13 ተርባይኖቹም በአንድነት 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከዚያ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል አልፎ ሆለታ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለ ግድቡ ሲጻፍ የሚቆጠረው ኮንክሪቱና ውሃው ነው። ይህ ሁሉ ግዝፈት ግን በመጨረሻ የሚታዘዘው ለጥቃቅን ሰርኪዩቶች ነው። የተርባይኑን ፍጥነት የሚጠብቀው፣ የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው፣ አደጋ አለ ብሎ አንዱን 400 ሜጋ ዋት ክፍል በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ከመስመር የሚያወጣው የመከላከያ ሪሌይ፣ ሁሉም የአትላስ ሴንቶሩ ኮምፒውተር የሥጋ ዘመዶች ናቸው። አንድ ሪሌይ ያልነበረ አደጋ አይቶ ቢወስን ውጤቱ ጉባ ላይ አያበቃም፤ ከአገሪቱ የኃይል ቋት አንድ ትልቅ ድርሻ በቅጽበት ይጎድላል፣ የቀሩትም ማመንጫዎች ጉድለቱን ለመሸፈን ይናወጣሉ።

የአደጋው መጠን በቀላል ስሌት ይታያል። የተለመደ የመብረቅ የመጀመሪያ ምት ወደ 30 ሺህ አምፒር የሚደርስ ከረንት ያዘላል። ይህ ከረንት 10 ኦም ሬዚስታንስ ባለው የመሬት ግንኙነት በኩል ቢወርድ የዚያ ቦታ መሬት ራሱ ከሩቅ መሬት አንጻር በ300 ሺህ ቮልት ከፍ ይላል። በአንድ ወገን ከዚህ መሬት ጋር፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሩቅ ካለ ጣቢያ ጋር በመዳብ ኬብል የተገናኘ መሣሪያ ይህን ልዩነት በሰውነቱ ይሸከማል ማለት ነው። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ ወደ አንድ ማይክሮ ሄንሪ የሚጠጋ ኢንደክታንስ አለው፤ በውስጡ ከረንት በማይክሮ ሰከንድ በ10 ሺህ አምፒር ፍጥነት ሲጨምር በዚያች አንድ ሜትር ላይ ብቻ 10 ሺህ ቮልት ይፈጠራል። የመሬት ሽቦውን ለውበት ሲባል በግድግዳ ዙሪያ ሦስት ሜትር ማዞር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ መገመት አያዳግትም።

መብረቁ ሕንጻውን መምታትም የለበትም። የአንድ መሣሪያ የኃይል ኬብል በአንድ በር፣ የመረጃ ኬብሉ በሌላ በር ገብተው በመካከላቸው 10 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ፈጥረዋል እንበል። 100 ሜትር ርቆ የወደቀ መብረቅ፣ ከረንቱ ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት ቢጨምር፣ በዚህ ቀለበት ውስጥ ወደ 200 ቮልት ያመነጫል። በ5 ቮልት ለሚሠራ ሰርኪዩት ይህ አርባ እጥፍ ነው። ዘንግ በጣሪያ ላይ መትከል ለዚህ ቀለበት ምንም አይፈይድለትም። ዘንጉ መብረቁን ተቀብሎ ወደ መሬት ይወስደዋል፤ በወሰደውም መንገድ ዙሪያ የሚለዋወጠው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ውስጥ ይገባል። «ዘንግ አለን» የሚለው መልስ ለጣሪያው መልስ ነው፤ ለሪሌዩ አይደለም።

ከመብረቁ በተጨማሪ ጣቢያው ራሱ የሚፈጥረው ሁከት አለ። በከፍተኛ ቮልቴጅ ስዊችያርድ ውስጥ መለያ ማብሪያ ሲከፈትና ሲዘጋ በመገናኛው ጫፍ ላይ ተደጋጋሚ ብልጭታ ይነሣል፤ ብልጭታውም እስከ ሜጋ ኸርትዝ የሚደርስ ሞገድ ወደ መቆጣጠሪያ ኬብሎች ይረጫል። የሳተላይት ሠሪዎች ይህን ዓይነት ችግር ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እነርሱም በአንዲት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ኃይለኛ ራዲዮ አስተላላፊና ደካማ ምልክት የሚያዳምጥ ተቀባይን ጎን ለጎን ማኖር ግድ ይሆንባቸዋል። ምሕዋር ላይ መብረቅ ባይኖርም የሚያክለው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1994 የካናዳ መገናኛ ሳተላይቶች አኒክ ኢ1 እና ኢ2 ከጠፈር በመጡ ኤሌክትሮኖች ውስጣቸው ተሞልቶ በተፈጠረ ብልጭታ ምክንያት አቅጣጫ መጠበቂያቸው በሰዓታት ልዩነት ተበላሽቶባቸዋል።

መንኮራኩር ሠሪዎች የደረሱበት መፍትሔ አንድ ተአምረኛ ዕቃ አይደለም፤ የጥንቃቄ ክምችት ነው። ኤሌክትሮኒክሱ በተዘጋ የብረት ሣጥን ይቀመጣል። የሣጥኑ መጋጠሚያዎች ከ2.5 ሚሊ ኦም የማይበልጥ ሬዚስታንስ እንዲኖራቸው ቀለማቸው ተፍቆ ይታሰራሉ፣ ይለካሉ። ወደ ሣጥኑ የሚገባ ሽቦ ሁሉ ግድግዳው ላይ በማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያው አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ከገባ ጥቅሙ ይቀንሳል። የምልክቱ ሽቦና የመልሱ ሽቦ እርስ በርስ ተጠማዝዘው ስለሚሄዱ ከላይ የተነገረው ቀለበት ስፋቱ ኢምንት ይሆናል። ወሳኝ የሆኑ ሰርኪዩቶች ይገጥማቸዋል ከተባለው ሁከት ቢያንስ በ6 ዴሲቤል፣ ማለትም በቮልቴጅ እጥፍ፣ የሚበልጥ መቋቋም እንዳላቸው በሙከራ ይረጋገጣል።

ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የተናቀችውና ብዙ ጥፋት የምታስከትለው የኬብል ሽፋን አጨራረስ ናት። ሽፋን ያለው ኬብል ውድ ነው፤ ይገዛል፣ ይዘረጋል። ከዚያ በካቢኔው ውስጥ ቴክኒሻኑ ሽፋኑን ይገልጥና ጠምዝዞ በአንድ ቀጭን ሽቦ ወደ መሬት ማሰሪያው ይወስደዋል። በቀጥተኛ ከረንት መለኪያ ሲታይ ግንኙነቱ ፍጹም ነው። በሜጋ ኸርትዝ ግን ያች 10 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ራሷን የቻለች ኢንደክታንስ ሆና ሽፋኑን ከመሬቱ ትለየዋለች፤ ሽፋኑ የሰበሰበው ሁከትም ሊጠብቃት በታሰበችው ምልክት ላይ ይወርዳል። በመንኮራኩር ላይ ሽፋኑ በማገናኛው ዙሪያ ሙሉ ክብ ሆኖ እንዲታሰር ይደነገጋል። የዋጋው ልዩነት አንዲት የብረት መቆንጠጫ ናት። በድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ ስለ ማክስዌል እኩልታዎች አንድ ሙሉ ሴሚስተር እየተሰጠ ስለዚህች መቆንጠጫ አንድ ሰዓት አለመሰጠቱ የሚያስቆጭ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት በዓለም አቀፍ መመዘኛ ነው፤ የመብረቅ መከላከያ ንድፍ አይኢሲ 62305ን ይከተላል፤ ታዲያ ለአገር ውስጥ ተመራማሪ ምን ይቀራል? መልሱ በመመዘኛው ውስጥ ይገኛል። መመዘኛው ስሌቱን ይሰጣል እንጂ የቦታውን ቁጥር አይሰጥም። የአደጋ ስሌቱ የሚጀምረው በአንድ ካሬ ሜትር ሺህ በሺህ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ በዓመት ስንት መብረቅ ይወድቃል ከሚለው ቁጥር ነው። ልኬት ከሌለ በነጎድጓድ ቀናት ብዛት መገመት የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ ቀመር የቀኖቹን ቁጥር በ0.1 ያባዛል፣ ከደቡብ አፍሪካ ልኬት የተገኘው ሌላው ደግሞ ቀኖቹን በ1.25 ኃይል አሳድጎ በ0.04 ያባዛል። በዓመት 100 የነጎድጓድ ቀን ላለው ቦታ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው ከ12 በላይ ይሰጣል። የትኛው ለጉባ እንደሚስማማ ቀመሮቹ ራሳቸው ሊነግሩ አይችሉም፤ ሁለቱም የተወለዱት በሌላ ሰማይ ሥር ነው። በዘመኑ ያለው አይኢሲ 62858 ቢያንስ የ10 ዓመት ልኬት የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመሬቱም ነገር እንዲሁ ነው። በብዙ የሲሙሌሽን ሥራ ላይ የአፈር ሬዚስቲቪቲ 100 ኦም ሜትር ተብሎ ከመማሪያ መጽሐፍ ይቀዳል። ግድብ የሚሠራው ግን ጽኑ ዐለት በተገኘበት ነው፤ ደረቅ የግራናይት ዐለት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ሜትር ሊሆን ይችላል። ከደረቁ ወራት ወደ ክረምት ሲታለፍም ይህ ቁጥር ይለዋወጣል። በማስተላለፊያ መስመር ላይ የማማው የመሬት ሬዚስታንስ ከፍ ሲል፣ ከላይ ያለው ጠባቂ ሽቦ የተቀበለው መብረቅ ማማውን ራሱን ከመስመሩ በላይ ከፍ አድርጎት ወደ መስመሩ መልሶ ይዘላል። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲመጣ መሬቱ ገና ደረቅ መሆኑ ለመሐንዲሱ መልካም ዜና አይደለም።

ለጉባ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞላው ንጋት ሐይቅ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ ስፋቱም ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስ አዲስ የውሃ ገጽ ነው። ሐይቅ ነጎድጓድን እንደሚለውጥ የታወቀ ነው፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሌሊት የሚነሣው ነጎድጓድ ከየብስ ወደ ውሃው በሚነፍሰው ነፋስ ይመገባል፤ በምድር ላይ ከፍተኛው የመብረቅ ብዛት የተመዘገበውም በቬንዙዌላው የማራካይቦ ሐይቅ ነው። ንጋት ከእነዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ አካባቢውም የተለየ ነው። ውጤቱ ምንም ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ኤሌክትሮኒክሱ የተቀመጠው ከዚህ ሐይቅ ግርጌ ስለሆነ «ምንም ላይሆን ይችላል» የሚለው ቃል በንድፍ ሰነድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መለካት አለበት።

ለዚህ የሚሆን የንጽጽር መረጃ ከጠፈር ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1997 መጨረሻ እስከ 2015 በሠራው ትሪም ሳተላይት ላይ የነበረው የመብረቅ መመልከቻ ጉባን ሐይቁ ከመፈጠሩ በፊት በነበረችበት ሁኔታ አይቷታል። ተመሳሳይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2023 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሆኖ የሐይቁን አሞላል ዓመታት ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2022 የመጠቀው የአውሮፓው ሜቴኦሳት ደግሞ አፍሪካን ከላይ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚመለከት የመብረቅ ካሜራ አለው። የሐይቁ በፊት፣ የሐይቁ ወቅትና የሐይቁ በኋላ፤ አንድ የማስተርስ ጥናት ከዚህ የተሻለ የተሰናዳ መረጃ አያገኝም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1ን ከቻይና ካመጠቀች ወዲህ በእንጦጦ ጣቢያ በሳተላይት መረጃ የሠለጠኑ ባለሙያዎች መኖራቸውም ጥናቱን ያቀልላል።

የጠፈሩ ዓይን ግን አንድ ጉድለት አለበት። የሚያየው ከደመናው በላይ የሚወጣውን ብርሃን ስለሆነ በደመናዎች መካከል የሚቀረውን መብረቅ ምድር ከሚነካው በቀላሉ አይለይም። ለሪሌዩና ለማማው የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በመሬት ላይ የራዲዮ መቀበያዎች ያስፈልጋሉ። አንቴና፣ ማጉያና ትክክለኛ ሰዓት የሚሰጥ ጂፒኤስ ያለው መቀበያ የመብረቁን ምልክት የደረሰበትን ጊዜ ይመዘግባል፤ የብዙ ጣቢያዎች ጊዜ ተነጻጽሮ ቦታው ይታወቃል። የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የመብረቅ መፈለጊያ መረብ መቀበያዎቹን በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ጣሪያ ላይ መትከሉ ሥራው ከተማሪ አቅም በላይ እንዳልሆነ ያሳያል።

አቀማመጡ ላይ ግን ማሰብ ይገባል። በአሶሳ፣ በእንጅባራና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች መቀበያ ቢተከል በካርታ ላይ ያማረ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ጉባ ግን ከማዕዘኑ ውጭ፣ በስተ ምዕራብ ወደ ሱዳን ድንበር ትቀራለች፤ ከመረብ ጠርዝ ውጭ ያለ ቦታ ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል። ከመቀበያዎቹ አንዱ በራሷ በጉባ መተከል ይኖርበታል። ከዚያ ጋር የኤሌክትሪክ መስክ መለኪያ ቢጨመር ይበልጥ ይጠቅማል፤ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ከ30 በላይ እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን ዘርግቶ ሮኬት ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ደመናው ከመብረቁ በፊት የሚያሳየውን ምልክት በማንበብ ነው። በጉባ ደግሞ ያው ምልክት በስዊችያርድ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች መቼ እንደሚወርዱ፣ የማብሪያ ለውጥም መቼ እንደሚዘገይ ሊወስን ይችላል።

ገንዘቡን ለመሞከሪያ ላቦራቶሪ ማዋል ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። ላቦራቶሪውም ያስፈልጋል፤ ራዲዮ የማይገባበት ክፍልና የመብረቅ ከረንት አስመስሎ የሚያመነጭ መሣሪያ ለቀጣዩ ሳተላይትም፣ ለማመንጫው መለዋወጫ ሰርኪዩትም፣ በወረዳዋ ለጤና ጣቢያ ለሚሰጥ የፀሐይ ኃይል ፍሪጅም ይሠራል። ነገር ግን በላቦራቶሪው ውስጥ ማብሪያውን የሚጫነው ሰው በስንት አምፒር እንደሚሞክር ማወቅ አለበት። የአውሮፕላን መመዘኛ 200 ሺህ አምፒር ይላል፤ ይህን ለጤና ጣቢያው ፍሪጅ መጠየቅ ፍሪጁን የማይገዛ ያደርገዋል፣ ያለ ቁጥር መተው ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ያሳጣዋል።

የሚቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። አይኢሲ 62858 የሚጠይቀው 10 ዓመት መቆጠር የሚጀምረው የመጀመሪያው መቀበያ ከተተከለበት ቀን ነው፤ ሐይቁ ሞልቷል፣ ተርባይኖቹም እየዞሩ ነው። የመሬቱ ሬዚስቲቪቲ በደረቁ ወራት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ከጠገበ በኋላ ሌላ ጊዜ በአራት ዘንግና በአንድ መለኪያ የሚለካ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ልኬት ነጎድጓዱ ከመግባቱ በፊት መወሰድ አለበት።